ሲስተር ማፉያኔ እና የኢንዱና ሆድ

በየሰፈሩ «አይሆንም» የሚለው ቃል የማይገባቸው አንዲት ሴትዮ አሉ። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ቃሉን ጥርት አድርገው ይሰሙታል። ብቻ ከኋላቸው ለቆመው ሰው የተባለ ይመስላቸዋል። የባንክ ቤቱ መስኮት ሊዘጋ ሲል ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። የሚኒባሱ ረዳት «ሞልቷል» ሲል «ማን ፈቀደልህ?» ብለው በሁለት ወፍራም ሰዎች መካከል ቦታ የሚፈጥሩትም እሳቸው ናቸው። ቀብር ላይ ሰባኪው ሲያስረዝም ሰዓታቸውን ፈትተው ፊቱ የሚያስቀምጡለትም እንዲሁ።

የእናንተ ሰፈር የራሱ ይኖረዋል፤ አልከራከርም። ቡላዋዮ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር በሉቬቬ፣ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ሲስተር ማፉያኔ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ነጩን ጋውን መለሱ፤ ሥልጣኑን ግን ይዘውት መጡ። የሚያዙት ሕመምተኛ ስላጡ መንገዱን በሙሉ ተረከቡት። ማን ደም ግፊት እንዳለበት፣ ማን ኪኒኑን እንደዘለለ፣ ማን በድብቅ ጨው እንደሚያበዛ ያውቃሉ።

እኔ የአጥር ጎረቤታቸው ነኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት፤ ልጅ አልወለድንም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሰፈሩ «ቲቸር» ይለኛል። እሳቸው «አንተ ቲቸር!» ይሉኛል። ልዩነቱ የሚገባው ለተጠራው ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በድመት ነው። ዳማ መልክ ያለው አንድ ወንድ ድመት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ግቢያቸው ገባና እየተንጎራደደ ዞረው። የዱባውን መደብ አየ፣ የልብስ ማስጫውን አየ፣ እሳቸውንም ከእግር እስከ ራስ አየ። «ይሄ ግብር ሊሰበስብ የመጣ ኢንዱና ነው» አሉ ሲስተር። ኢንዱና ማለት አለቃ ነው፤ ንጉሥ ፊት የሚቀርብ ሹም። ስሙ በዚያው ጸና።

አንድ ጠዋት ሹሙ ታክሲ ማቆሚያው ጋ አስፋልት ሲያቋርጥ ሚኒባስ ገጨው። ሰው ተሰበሰበ። «ሞቷል» አለ ሾፌሩ። ሲስተር ማፉያኔ ሰዉን በክርናቸው እየከፈሉ ደረሱና ተንበረከኩ። «ማን ፈቀደልህ?» አሉ። ለሾፌሩ ይሁን ለድመቱ እስከ ዛሬ አላወቅንም። በሽርጣቸው ጠቅልለው ወሰዱት። ሦስት ሳምንት ካርቶን ውስጥ ተኛ። በአራተኛው ሳምንት ተነስቶ፣ እንደ ሰካራም ወደ ጎን እየሄደ፣ የዱባውን መደብ መልሶ ጎበኘ።

ሰፈሩ አጨበጨበ። ችግሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው የታወቀው። በአንደኛው በኩል ይገባል፤ በሌላው በኩል አይወጣም።

ዶክተር ሲዚባ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም አለን። ከከብት ጋር ነው ያደገው፤ ከከብት ጋር ነው የሚውለው፤ ድመት ሲይዝ የሰው ዕቃ የተዋሰ ይመስላል። ወረቀት አወጣና በእርሳስ ሣለልን።

«የዳሌው አጥንት ገጥሟል፤ ሲገጥም ግን መንገዱን አጠበበው። የሚወጣው ነገር እዚህች ጋ ይደርስና ይቆማል። ይደርቃል። ሌላው ከኋላው ይመጣል። አንጀቱ እየተለጠጠ ይሄዳል። ድርቀቱ የሚለቀው አይደለም፣ ሲስተር። ዕድሜ ልክ መከታተል ይፈልጋል። ብዙ ሰው ይሄን አይችለውም፤ በጊዜ በመርፌ ለዘላለም ቢያስተኙት…»

«ብዙ ሰው እዚህ አለ?» አሉ ሲስተር ዙሪያቸውን እያዩ።

«የለም።»

«እንግዲህ ለእኔ ንገረኝ።»

ነገራቸው። በቀን ሁለቴ የሚያለሰልስ ሽሮፕ። የተቀቀለ ዱባ፣ ተፈጭቶ፣ ከሥጋ ወይም ከዓሣ ጋር። ብዙ ውሃ። እንቅስቃሴ። ሆዱን በቀስታ ማሸት። እሳቸው ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እዚያ የተገኘሁት ካርቶኑን ተሸክሜ ስለነበር ብቻ ነው።

«አንተ ቲቸር፣ እግር ትይዛለህ።»

አይሆንም አልኩ። መቼም ውጤቱን ገምታችኋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድምፃቸው በአጥሩ ላይ ይመጣል። «አንተ ቲቸር! ና፤ እግር ያዝ!» እሄዳለሁ። ክቡር ኢንዱና በፎጣ ይጠቀለላሉ፤ እኔ የኋላ እግራቸውን እይዛለሁ፤ ሲስተር መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሽሮፑን በአፋቸው ጥግ ይለቃሉ። በመጀመሪያው ወር ግማሹ ሽሮፕ ሸሚዜ ላይ ነበር። ተማሪዎቼ «ቲቸር ዛሬም ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታሉ» ይሉ ነበር። በሁለቱም ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሰው ጫካ ውስጥ የተዋጋሁ ይመስለዋል።

ከሽሮፑ ይልቅ ያስቸገረው ውሃው ነው። በቡላዋዮ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ሰፈሩ ይዘፍናል። ኢንዱና ደግሞ በሳህን የተቀመጠ ውሃ አይጠጣም። የሚጠጣው ሲፈስ ብቻ ነው! ሲስተር ይህን የደረሱበት ቀን ማሰሮ አስያዙኝና ግቢያቸው መሐል አቆሙኝ።

«አፍስስ።»

«የት?»

«ወደ ባልዲው። እንደ ክር አድርገህ። አይወፍር፣ አይቆረጥ።»

እኔ የአፍሪካን ወንዞች በቃሌ የማስተምር ሰው፣ ቧንቧው በደረቀ በሦስተኛው ቀን፣ ሰዉ ሁሉ ባዶ ጀሪካን ይዞ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሜ፣ ለአንድ ድመት ወንዝ ሆንኩ። ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመውን ለዱባው ስለምናጠጣው ጠብታ አልባከነም፤ የእኔ ክብር ግን ተመልሶ አልተቀዳም።

ሲስተር ማፉያኔ በዚህ አላበቁም። ሐሙስ ሐሙስ ቀይ ሸሚዝ ለብሰው በሚሄዱበት የሴቶች የጸሎት ማኅበር ላይ ተነሥተው «ለኢንዱና ሆድ ጸልዩልኝ፤ ከታሰረ አራት ቀኑ ነው» አሉ። ሴቶቹ አንድ የታወቀ አለቃ የታመመ መስሏቸው ተንበረከኩ። አለቀሱ። አንዷ ለሹሙ ሚስትና ልጆች፣ ለሚያስተዳድረው ሕዝብም ጭምር ለመነች። ሲጨርሱ ሊቀመንበሯ «የትኛው ወረዳ ነው የሚገዙት?» ብላ ጠየቀች።

«የእኔን ጓሮ» አሉ ሲስተር።

ሁለት ሳምንት ያኮረፏቸው ነበሩ። ግን በማግስቱ ስለወጣ ጸሎቱን ማንም ሊነቅፍ አልቻለም።

መውጣቱን ያወቅሁት አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ ነው። ስልኬ ጮኸ። የሲስተር ድምፅ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም።

«ወጣ!»

የሁሉም ራስ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ?» አልኩ።

«አሁን! በሁለት እግሬ ቆሜ እያየሁት!»

ርዕሰ መምህራችን እጄን ጨበጡኝ። «እንኳን ደስ ያለህ። ዘመድ ነው? ስንት ጊዜ ታስሮ ነበር?»

«አምስት ቀን» አልኩ።

«ለቤቱ ያበቃው አምላክ ይመስገን» አሉ፤ ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አልኩ።

አራት ዓመት እንዲህ ቆየን። እየቆየ ግን የሚወጣለት ቀን እየተራራቀ ሄደ። በየሁለት ወሩ የነበረው የክሊኒክ ጉዞ በየሦስት ሳምንቱ ሆነ። ዶክተር ሲዚባ በለብ ያለ ውሃ እያጠበ ያወጣለታል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይዘጋል። ሲስተር የዱባውን መጠን ጨመሩ፣ የሽሮፑን ሰዓት ቀየሩ፣ ኢንዱናን በገመድ አስረው በመንገዱ ላይ ማንሸራሸር ጀመሩ። ሰው ሳቀ። አልሰሙም።

ከዚያ አንድ ጊዜ ሳይወጣለት ስድስተኛው ቀን መጣ። ኢንዱና መብላት አቆመ። ሆዱ እንደ ድንች ጓጉሎ በእጅ ይታወቃል። ጠዋት ስሄድ ሲስተር ጠረጴዛ ላይ ከድሮ ሣጥናቸው የወጣች ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጠዋል፤ ሆድ ለደረቀበት ሰው በመቀመጫው የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

«ይሄን ለስንት ሺህ ሰው ሰጥቻለሁ መሰለህ» አሉ ጠርሙሷን አንስተው። «ለሐኪሙ ለማሳወቅ ያህል ደውልለት። እግር ያዝ።»

ደወልኩና ምን እንደያዙ ነገርኩት። ዶክተር ሲዚባ፣ ያ ለላም እንኳ «ይቅርታ» የሚል ልጅ፣ ስልኩ ውስጥ ጮኸ።

«ያስቀምጡት! ሲስተር፣ ያስቀምጡት! ውስጡ ያለው ጨው ለሰው ነው፤ ድመት ይገድላል! በሰዓታት ውስጥ ነው የሚገድለው!»

ሲስተር ማፉያኔ ጠርሙሷን አስቀመጡ። ከዚያ በሩ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። በአራት ዓመት ውስጥ ሥራ ሳይይዙ ተቀምጠው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ልገድለው ነበር፣ ቲቸር» አሉ። «አንተ» የሚለውን ረሱት። «በእጄ ይዤው ነበር። አውቃለሁ ብዬ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ኢንዱና ፎጣው ውስጥ ሆኖ ሁለታችንንም በየተራ አየን። ከዚያ እሳቸው በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ ሳቡና ተነሡ።

«ምን ያስቀምጥሃል? ካርቶኑን አምጣ።»

ክሊኒኩ ውስጥ ዶክተር ሲዚባ ማደንዘዣ ሰጥቶ ያለውን አወጣ። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ከፊታችን ቆመ። አንጀቱ እንደ አሮጌ ላስቲክ ላልቷል፣ ከእንግዲህ መግፋት አይችልም አለ። ሽሮፕም ዱባም አይበቃም። ሁለት መንገድ ቀረ፤ ወይ የላላውን አንጀት ቆርጦ ማውጣትና ጤነኛውን ከጤነኛው መስፋት፣ ወይ ሳያሠቃዩ ማስተኛት።

«ቁረጠዋ» አሉ ሲስተር።

«ሲስተር… እውነቱን ልንገርዎት። ተማሪ ሆኜ አንድ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። በእጄ ሠርቼው አላውቅም። አይሆንልኝም።»

እኔ «ማን ፈቀደልህ»ን ጠበቅኩ። አልመጣም። የዚያን ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ የሆነው ነገር ድምፃቸውን ለውጦት ነበር።

«ስማኝ ልጄ» አሉ። «እኔ ድመት እንደማላውቅ ዛሬ ገብቶኛል። አንተ ድመት ታውቃለህ። አንጀት ሲቆረጥና ሲሰፋ ግን ሠላሳ አራት ዓመት መቀስ ያቀበልኩ እኔ ነኝ። ያስተማረህን ሰው ደውለህ ጠይቅ። ሁለት ቀን አንብብ። የምታነበውን ለእኔም አምጣ። ቢሞት ሠርተን ይሙት። ተቀምጠን አይሞትም።»

ወጣቱ ሐኪም መሬት መሬት አየ። ከዚያ «ረቡዕ ጠዋት» አለ።

ሁለቱን ቀን ሲስተር መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሐኪሙ ያመጣላቸውን ወረቀት አነበቡ። ትራስ ላይ ስፌት ተለማመዱ፤ ጣታቸው እንዳይሰንፍ። ረቡዕ ጠዋት አረንጓዴ ጨርቅ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ከሐኪሙ ቀድመው ክፍሉ ገቡ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ እግሯ የታሰረ ፍየል የያዘ አንድ ገበሬ ነበር።

«ማን ነው ውስጥ ያለው?» አለኝ።

«ድመት።»

«ለድመት ነው ይሄ ሁሉ?» አለና ከፍየሏ ጋር ተያየ። «የማን ድመት ነው?»

«የእኛ» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

በበሩ በኩል የሲስተር ድምፅ ይመጣል። «ቀስ። ማንም አያባርርህም። … አሁን ያዘው። … ጎበዝ። … አይደለም፣ ይሄን ፍታው፤ ይላላል። ፍታውና እንደገና።» ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ገበሬው ፍየሏን ሳያሳክም ቆየ፤ ተራው ሲደርስ እንኳ «ቆይ፣ የዚህን መጨረሻ ልስማ» አለ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ዶክተር ሲዚባ ነው። ላቡ ጉልበቱ ደርሷል።

«ቲቸር፣ እኚህ ሴትዮ በዕድሜያቸው ስንት ሐኪም አስለቅሰዋል?»

«አንተ ስንተኛ እንደሆንክ አላውቅም። ድመቱስ?»

«ይተነፍሳል። ተኝቷል።»

ሲስተር ከኋላው ወጡ። አዩኝና «አንተ ምን ሆነህ ነው የገረጣኸው? ቁርስ አልበላህም?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት በሰላም አለፉ ብል ውሸት ነው። አንጀቱ ያጠረ ድመት ሆዱ እስኪለምድ ድረስ ችግሩ ይገለበጣል፤ አልወጣም ሲል የነበረው አልቆምም ይላል። አራት ዓመት የጠበቅነው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። ያ ወቅት ስንት ፎጣ እንደቀበረ አልናገርም። በሦስተኛው ወር ግን ኢንዱና እንደ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት፣ ያለ ሽሮፕ፣ ያለ እኔ መውጣት ጀመረ። ወፈረ። ጥጋብም ጨመረ።

ሥራዬ አበቃ ማለት ነው። ሆኖም ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድምፁ እንደ ወትሮው በአጥሩ ላይ መጣ። «አንተ ቲቸር! ና፤ እግር ያዝ!» ሄድኩ። የሚያዝ እግር አልነበረም። ሻይና የተቀቀለ ስኳር ድንች ነበር። ጠጣሁ፣ በላሁ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በማግስቱም ተጠራሁ።

ባለፈው ነሐሴ ልጃቸው ሉንጊሌ ከጆሃንስበርግ መጣች። እናቷ በሐምሌ ውሃ ተሸክመው ሲገቡ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰንጥቆ ነበር። ሉንጊሌ የእናቷ ልጅ ናት፤ መኪና ይዛ ነው የመጣችው፣ ወስኛለሁ ብላ ነው የመጣችው። እናቷ ብቻቸውን አይኖሩም። አብረዋት ይሄዳሉ። ፎቁ ላይ ክፍል አዘጋጅታለች። ድመት ግን ሕንፃው አይፈቅድም።

ሰፈሩ እኔን እንኳን ደስ አለህ አለኝ። «ተገላገልክ፣ ቲቸር!» እያሉ ትከሻዬን መቱ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግታው ፊቴ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እንዴት እንደማወርደው ጠፋኝ።

የገረመኝ ሲስተር ማፉያኔ ናቸው። «አይሆንም» ሲባሉ የማይሰሙት ሴትዮ፣ «አይሆንም» ማለት አቃታቸው። ልብሳቸውን ዝም ብለው አጠፉ። ልጃቸው ናት፤ የልጅ ልጆቻቸው እዚያ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣው መኪናው ኋላ ገባ። እሳቸው የቤቱን ቁልፍ በእጃቸው እያገላበጡ በረንዳው ላይ ቆሙ።

በአጥሩ በኩል አየኋቸው። እውነቱን ልናገር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እንደ ሕመምተኛ፣ እንደ ተላላኪ፣ እንደፈለጉት ይጥሩኝ፤ ይጠሩኛል። ሳላስበው በሩን ከፍቼ ግቢያቸው ገባሁ።

«ሉንጊሌ» አልኩ፤ ድምፄ ክፍል ውስጥ የማወጣው ዓይነት ነበር። «እናትሽን ልትወስጂ አትችይም። ድመቱ እንደገና ደርቆበታል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠብ አላለም። ከሲስተር በቀር ማንም አያውቅበትም። እኔ ብቻዬን አልችልም። እሳቸው ከሄዱ በሳምንት ውስጥ ይሞታል።»

ሲስተር ማፉያኔ ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ኢንዱና ምን እንዳደረገ ሁለታችንም አይተናል። አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት።

«ሦስት ቀን?» አለች ሉንጊሌ። «እናቴ፣ እውነት ነው?»

ከመኪናው ሥር ክቡር ኢንዱና ወጡ። ተንጠራሩ። በሦስታችን መሐል በዝግታ አልፈው የዱባው መደብ ላይ ወጡ፣ አፈሩን በአንድ እጃቸው ጫር ጫር አደረጉ፣ ተቀመጡ፣ ወደ እኛ ዞረው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሥራቸውን ሠሩ። ረጅም፣ ያማረ፣ ሙሉ ሥራ ነበር።

ሲስተር ልማድ ሆኖባቸው ከበረንዳው ወረዱ፤ ጎንበስ አሉ፤ አዩ።

«ቀለሙ ጥሩ ነው» አሉ በዝቅተኛ ድምፅ።

ሉንጊሌ መጀመሪያ ድመቱን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እናቷን አየች። እናቷን ለረጅም ጊዜ ነው ያየቻቸው። ከዚያ መኪናው ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ መጨረሻው ላይ ሳቅ ብቻ መሆኑን እንጃ። ዓይኗን ጠርጋ የመኪናውን ኋላ ከፈተችና ሻንጣውን አወጣች።

«ለገና እመለሳለሁ፣ ቲቸር» አለችኝ። «እስከዚያ ውሃ የሚቀዳላቸው አንተ ነህ። የተሻለ ውሸትም ተለማመድ።»

ሻንጣውን ከእጇ ተቀበልኩ። ከባድ ነበር። አንድ ሁለት ጎረቤት ላግዝህ ብሎ መጣ፤ እኔ ግን ለማንም አልሰጠሁም፣ እስከ መኝታ ቤታቸው በር ድረስ ብቻዬን ተሸከምኩት።